መልስ፦ የኤቭሮስ ድንበር ኤድርኔ አጠገብ ወንዙን የሚለቀው ለምንድን ነው?

ድንበሩ የኤቭሮስን ወንዝ ለቆ ሲወጣ የሚያሳየው ካርታዎ አልተሳሳተም። የግሪክና የቱርክ ድንበር በቱርኳ ከተማ በኤድርኔ አጠገብ ወንዙን ለቆ ወደ ምዕራብ የሚወጣው፣ ግሪክ እ.ኤ.አ. በ1923 በተፈረመው የሎዛን ውል መሠረት፣ በወንዙ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለችውን ካራአጋችን በጦርነት ካሳ ፈንታ ለቱርክ ስላስረከበች ነው። ከዚያ የተነሡት ግሪካውያን ወደ ደቡብ ወርደው ኔአ ኦረስትያዳን፣ ማለትም አዲሲቱን ኦረስትያዳ፣ በዚያው ዓመት ቆረቆሩ፤ ጎዳናዎቿ ቀጥ ብለው የሚቋረጡትም በፕላን የተመሠረተች ከተማ በመሆኗ ነው።

የባቡሩ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ሐዲዱ በኦቶማን ዘመን የተዘረጋ ስለነበር፣ ከኢስታንቡል ወደ ኤድርኔ የሚጓዝ መንገደኛ ፒቲዮ በተባለችው የግሪክ የድንበር ጣቢያ በኩል ግሪክ ገብቶ፣ የግሪክን ማሳዎች አቋርጦ፣ ካራአጋች ላይ እንደገና ወደ ቱርክ ይመለስ ነበር። ይህ የቀረው ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1971 በየግዛታቸው የሚያልፍ የየራሳቸው መስመር ሲኖራቸው ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ኤቭሮስ፣ ማሪጻና ሜሪች ግሪኮች፣ ቡልጋሮችና ቱርኮች አንዱኑ ወንዝ የሚጠሩባቸው ስሞች ናቸው። እኔ ይህን ሳላስተውል ሁለት ካርታዎችን ሳመሳክር ብዙ ቀን ባክኛለሁ፤ ስለዚህ የቦታዎቹን ስም በሦስቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ጽፈው ይጀምሩ።