በሶብላ፣ ባዚል እና አበበ የበላው በሶ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁት ቅመም ማሸጊያ ላይ «በሶ ብላ» ተብሎ ተጽፏል፤ እናቴ ከአገር ቤት በላከችልኝ ላይ ደግሞ በእጅ ጽሕፈቷ «በሶቢላ» ይላል። ትክክለኛው የትኛው ነው? ቃሉስ የመጣው ፈረንጆች ባዚል ከሚሉት ነው ወይስ እውነትም «በሶ ብላ» ከማለት?

መልስ፦ ለእናትዎ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በሶብላ ብለው ይጻፉ፤ አንድ ቃል፣ ሦስተኛው ፊደል ሳድስ። «ቢ» የመጣችው ከአነጋገር ነው፤ ቃሉን ሳብ አድርገው ሲጠሩት ሳድሱ ወደ ሣልስ ያዘነብላል።

መለያየቱ ግን አያስኬድም። «በሶብላው ደረቀ» ይበሉ፤ ስለ ተክሉ እንደሚያወሩ ማንም ይረዳል። ለያይተው «በሶ ብላው ደረቀ» ብለው ሲጽፉት ግን «ብላው» ትእዛዝ ይሆንና አንባቢው ማን ምን እንዲበላ እንደታዘዘ ይፈልጋል። ስያሜው በእርግጥ ከትእዛዝ ተነሥቶ ቢሆን እንኳ ፍርዴ አይለወጥም፤ ጥላሁን የሚባል ሰው ስሙን «ጥላ ሁን» ብሎ አይፈርምም።

ለነገሩ የትእዛዙ ታሪክ እኔን አያሳምነኝም። «አበበ በሶ በላ» እያልን ንባብ የለመድን ሰዎች በሶ እና ብላ ተጠጋግተው ስንሰማ ጆሯችን ወዲያው ታሪክ ይሠራላቸዋል።

ባዚልስ? መነሻው የግሪኩ «ባሲሊኮን» ነው፤ ንጉሣዊ ማለት ነው። ተነባቢዎቹን ይቁጠሩ፦ በግሪኩ ሥር ብ-ስ-ል፣ በእኛው ብ-ስ-ብ-ል። ሁለቱን ዘመድ የሚያደርግ ሰው መካከል የገባችውን ብ ከየት እንዳመጣት ማስረዳት አለበት። የባዚል እውነተኛ ዘመድ በጓሯችን ሳይሆን በቤተ ክርስቲያናችን ነው፤ ባስልዮስ። ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ ቅዳሴ ባስልዮስ ነው፤ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑትም አቡነ ባስልዮስ ናቸው። (ግሪኮች ደግሞ ንግሥት እሌኒ መስቀሉ የተቀበረበትን ቦታ ያገኘችው በበሶብላ መዓዛ ተመርታ ነው ይላሉ። በእኛ ትውፊት የመራት የደመራው ዕጣን ጢስ ነው። በግሪኮቹ የመስቀል በዓል ካህኑ ጠበል የሚረጨው በበሶብላ እስር ነው።)

ቃሉ ይለያይ እንጂ ተክሉ አንድ ነው፤ የዕፅዋት ሊቁ ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. በሳይንሳዊ ስሙ ኦሲሙም ባሲሊኩም ያለው። ልዩነቱ በዝርያውና በአያያዙ ላይ ነው። ጣልያኖች ሰፊውን አረንጓዴ ቅጠል ሳያብብ ቀንጥሰው እርጥቡን ይበሉታል፤ አበባውን ካወጣ አለፈበት ባይ ናቸው። የእኛ ባለሙያዎች ግን አበባውን ነው የሚጠብቁት። ቅጠሉ ቀጠን ያለ፣ አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላውን ከነዘለላው ቆርጠው ጥላ ላይ ያደርቁትና ለበርበሬና ለሽሮ ያውሉታል። እርጥቡን ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭቶ ዳጣ የሚያደርገውም አለ።

ከእናትዎ ጥቅል ውስጥ የደረቀ ዘለላ ካለ በመዳፍዎ ይሹት። ጥቃቅን ጥቁር ዘር ይወርዳል፤ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ልጋግ ይለብሳል። ውርጭ ስለማይችል ብርዱ ሲያልፍ አፈሩ ላይ በስሱ በትነው ይሞክሩት።

ለተርጓሚዎች አንድ ነገር ልጨምር። የባዚልን ትርጉም «ዳማከሴ» ብለው የሚጽፉ አጋጥመውኛል። ዳማከሴ በወገን የበሶብላ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ምች ሲመታን የምንጨምቀው መድኃኒት እንጂ የወጥ ቅመም አይደለም። ዐውደ ጽሑፉ የጄኖዋን ፔስቶ (ከባዚል የሚሠራውን የጣልያን ማባያ) የሚመለከት ከሆነ «የጣልያን በሶብላ» ይበቃል፤ በዳማከሴ የተሠራ ፔስቶ የቀረበለት እንግዳ ግን «ማን ታመመ?» ብሎ ይጠይቃል።