ሁለት መስመር ወጣ፣ ዱቄቱን ልጣለው?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሻጋታ መርዝ ናቸው። ክረምት ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ውስጥ ከአጃ፣ ከገብስ፣ ከበቆሎና ከለውዝ የልጆች ገንፎ ዱቄት እያዘጋጀሁ ለሰፈር እናቶች እሸጣለሁ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ መመርመሪያ ስትሪፕ ላከልኝ። ከዱቄቱ አንድ ማንኪያ ወስጄ መመሪያው እንደሚለው ስሞክረው ሁለት ቀይ መስመር ወጣ! 50 ኪሎ ዱቄት ነው፣ ልጣለው? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳይጥሉት! በዚህ ስትሪፕ ሁለት መስመር ደግ ወሬ ነው። የደነገጡት የእርግዝና መመርመሪያውን አስበው መሆን አለበት። እዚያ ሁለት መስመር «አዎ» ነው፣ እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው።

ስትሪፑ ውስጥ አፍላቶክሲንን ለይተው የሚይዙ፣ አንቲቦዲ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ለዓይን ቀይ ሆነው እንዲታዩ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ተሸክመዋል። (አዎ፣ ወርቅ። አንጥረኛ ጋ ግን አይውሰዱት።) የምርመራው መስመር ላይ ደግሞ ራሱ አፍላቶክሲን አስቀድሞ ተለጥፏል። ዱቄቱ ንጹሕ ከሆነ አንቲቦዲዎቹ እጃቸው ባዶ ሆኖ ይደርሱና መስመሩ ላይ ያለውን ይይዛሉ፣ መስመሩም ይቀላል። ዱቄቱ መርዝ ካለው ግን ገና መንገድ ላይ እጃቸው ይሞላል፤ መስመሩን ዝም ብለው ያልፉታል። ስለዚህ የሚያስፈራው ሳይወጣ የቀረው መስመር ነው። ሌላኛው፣ የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ደግሞ ስትሪፑ ራሱ ተበላሽቷል፤ ያንን ውጤት ብለው አይቁጠሩት።

ባዮሴንሰር ሲባል የሚሰሙት ነገርም ከዚህ አይርቅም። አንዱ ክፍል ለይቶ ይይዛል፣ ሌላው መያዙን በቀለም ወይም በኤሌክትሪክ ይናገራል። የስኳር ሕመምተኞች ጣታቸውን ወግተው የሚለኩበት መሣሪያ የዚሁ ቤተሰብ ነው። አሁን አሁን በአንቲቦዲ ፈንታ አፕታመር የሚባል አጭር የዲኤንኤ ክር የሚጠቀሙም እየመጡ ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን «አንድ ማንኪያ» ያሉት ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለእህል ምግቦች ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 4 ማይክሮግራም ነው። በአንድ ኩንታል ሲታሰብ 0.4 ሚሊግራም ይመጣል፣ ማለትም ጥቂት የደቃቅ ጨው ቅንጣት ያህል። ያውም ኩንታሉ ውስጥ እኩል አልተበተነም። ሻጋታ አንድ ጥግ ይይዛል፤ አንዲት ክፉኛ የተመረዘች የለውዝ ፍሬ የአንድ ኪሎን ውጤት ልትገለብጥ ትችላለች። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከአንድ ጆንያ በቆሎ ሁለት ጊዜ ቀድቼ አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው ከጣሪያው በብዙ ያለፈ ሆኖብኝ ግማሽ ቀን መሣሪያውን ስጠራጠር ውያለሁ። መሣሪያው ምንም አልነበረበትም፣ ጥፋቱ የኔ አቀዳድ ነበር።

ስለዚህ እርስዎ ሳይቀላቅሉ በፊት ለውዙንና በቆሎውን ለየብቻ ይመርምሩ፣ ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች እነሱ ናቸውና፤ ከአጃና ከገብስ ጋር ከተደባለቁ በኋላ መርዙ ይሳሳና ከስትሪፑ ዓይን ሊያመልጥ ይችላል። ከጆንያው ላይ፣ ከመሃል፣ ከሥር፣ ከአሥር ቦታ በላይ እየቆነጠሩ አንድ ሁለት ኪሎ ያህል ይሰብስቡ፣ ሁሉንም አልመው ይፍጩ፣ በደንብ አዋሕደው ከዚያ ላይ ይውሰዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፓ ለሕፃናት ምግብ የሚፈቅደው የአፍላቶክሲን ቢ1 (ከአፍላቶክሲን ዓይነቶች ዋነኛው) መጠን በኪሎ 0.1 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ብዙዎቹ ስትሪፖች ይህን ያህል ጥቂት መርዝ አያዩም፤ የሚጀምሩት ከ2 ወይም ከ4 ነው። የናንተ ደንበኞች ሕፃናት ስለሆኑ ስትሪፑ መጥፎውን ጆንያ ለመጣል ይጠቅማል፣ «ለልጅ ይሆናል» ብሎ ለመማል ግን አይበቃም። አልፎ አልፎ ወደ ላቦራቶሪ መላክ አለብዎት።

ጥያቄ፦ የእህል ነጋዴ ነኝ። ሐሰተኛ ብር በምናይበት ሰማያዊ መብራት በቆሎ ላይ ሲበራ የሚያብረቀርቅ ፍሬ ካለ መርዝ ነው ይባላል። ስትሪፕ ከምገዛ እሱ አይበቃኝም?

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው፣ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ሻጋታ የያዘው የለውዝ ፋጉሎ በልተው ካለቁ በኋላ ነው አፍላቶክሲን የተገኘው። ቢ እና ጂ የሚሉት ስሞችም የመጡት መርዙ በዚህ መብራት ሰማያዊና አረንጓዴ ስለሚያበራ ነው። ነገር ግን በቆሎ ላይ የሚያዩት ቢጫ አረንጓዴ ብርሃን ከመርዙ ሳይሆን ሻጋታው ከሚሠራው ሌላ ነገር፣ ከኮጂክ አሲድ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ካበራ ይጠርጥሩ፣ ካላበራ አይመኑ። ከስትሪፕ ጋር የሚሠራ የስልክ አፕም ቢሆን የስትሪፑን ቀለም ያነብልዎታል እንጂ እህሉን አያውቀውም።

ጥያቄ፦ የሻገተ ለውዝና በቆሎ ብቆላውስ? ካልሆነ ለላሟ ልስጣት?

መልስ፦ አይሆንም፣ አይሆንም። መቁላት የተወሰነውን ይቀንሳል እንጂ አይጨርሰውም፤ አፍላቶክሲን የሚፈርሰው ከ200 ዲግሪ በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ገንፎ ማብሰሉ መርዙን ምንም አያደርገውም። ላሟ ከበላችው ኤም1 ወደሚባል ሌላ የአፍላቶክሲን ዓይነት ተለውጦ በወተቷ ይመለስልዎታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ከአውሮፓው ጣሪያ፣ ከ0.05 ማይክሮግራም በሊትር ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ ዋናው ተጠያቂ የኑግ ፋጉሎ ነው። የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውንና የሚመረውን ለውዝ በእጅ መልቀም ግን ከመቁላት ይልቅ በብዙ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ስናር የበዛበት ገብስ ገዛሁ፣ የአይጥ ኩስ የመሰለ ጥቁር ፍሬ አለበት። ለዚህስ ሴንሰር አለ?

መልስ፦ አለ፣ ግን ዓይንዎ ይበቃል። ኤርጎት የሚባል ሻጋታ ነው። ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ወሎ ውስጥ፣ በ2001 ደግሞ አርሲ ውስጥ የሰው እግርና ጣት አድርቆ ሕይወት ቀጥፏል። ሳይለቅሙት አያስፈጩ፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ዓይን አያገኘውም። ጨው በጣም የበዛበት ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ጥቁሩ ይንሳፈፋል፣ ገብሱ ይሰምጣል። ተንሳፋፊውን ቀፈው ይጣሉ፣ ገብሱን አጥበው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት።