መልስ፦ ቤተ ሙከራ በሌለበት ክፍል ሳይንስን በተግባር ስለ ማስተማር

ውድ መምህር፣ ሐዋሳ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪዎች ባሉበት የ4ኛ ክፍል፣ ቤተ ሙከራም በጀትም ሳይኖር ልጆችን በተግባር ማስተማር ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው የጥላ ልኬትን ነው።

በግቢው ውስጥ አንድ እንጨት ቀጥ አድርገው ይትከሉና፣ በየሳምንቱ አንድ ቡድን በተራው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጥላው ከሁሉም ባጠረበት ቅጽበት፣ ርዝመቱንና አቅጣጫውን ለክቶ በጋራ ደብተር ላይ ይመዝግብ። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ፣ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ሰሜን የሚወድቀው የቀትር ጥላ እስከ ታኅሣሥ እየረዘመ ይሄዳል፤ ከዚያም እያጠረ መጥቶ በመጋቢት ማብቂያ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም፤ በሚያዝያ ደግሞ ወደ ደቡብ ይዞራል። ምክንያቱን ቀድመው አይንገሯቸው፤ መዝገቡን አይተው ይከራከሩበት። ሴንቲሜትርና ግራፍም በዚያው ይለመዳሉ፤ ፀሐይን በቀጥታ እንዳያዩ ግን አጥብቀው ያስጠንቅቋቸው።

የባቄላ ማብቀሉ የታወቀ ስለሆነ አልመለስበትም። በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠጠር፣ አሸዋና ከሰል ደርድሮ የሐይቅ ውኃ ማጣራትም ጥሩ ነው፤ ሆኖም የጠራ የሚመስለው ውኃ ጀርም ሊኖረው ስለሚችል ማንም እንዳይጠጣው።

ማርክ ሲሰጡ፣ ቤት ውስጥ ወላጅ አሳምሮ ከሠራው ሞዴል ይልቅ (ይህ በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነው) ተማሪው በእጁ የጻፈውን ምዝገባና ለጓደኞቹ የሰጠውን ማብራሪያ ቢያስቀድሙ ይሻላል።