ስለ ብሎክ መሙያ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ስልት መልእክትን በ16 ባይት ክፍል፣ ማለትም በብሎክ፣ ይመሰጥራል፤ መልእክቴ 16 ባይት ካልሞላ እንዴት ይመሰጥረዋል?

መልስ፦ መጀመሪያ ይሞላል። ፒኬሲኤስ 7 በተባለው የመሙያ ደንብ የጎደለው ባይት ብዛት ራሱ መሙያ ይሆናል። «ሰላም» በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ) 9 ባይት ነው፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛልና። 7 ስለሚጎድል የ7 ቁጥርን 7 ጊዜ ትጨምራለህ። ፊደል ሳይሆን ባይት ቁጠሩ!

ጥያቄ፦ ስለዚህ «አዲስ አበባ» 21 ባይት ነው?

መልስ፦ 19። ክፍት ቦታው 1 ባይት ነው።

አንድ አባል፦ በሁለት ነጥብ ቢጻፍ 21 ይሆን ነበር። ክፍት ቦታ ድሮም የእኛ አልነበረም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ሁለት ነጥብ ጋዜጣ ላይ ካየህ ስንት ዓመት ሆነህ?

አንደኛው፦ የግዕዝ መጻሕፍትን ግለጥና እይ።

መልስ፦ ይህን ክርክር ሌላ ቦታ ጨርሱ። ሁለቱም እስከ 32 ባይት፣ ማለትም እስከ ሁለት ብሎክ፣ ስለሚሞሉ መሙያው ለ19ኙ 13፣ ለ21ዱ 11 ነው።

ጥያቄ፦ መልእክቱ ልክ 16 ባይት ከሆነስ?

መልስ፦ ሌላ ሙሉ ብሎክ ይጨመራል፤ 16 ባይት፣ ሁሉም 16። ያለዚያ የሚፈታው ወገን መሙያውን ከመልእክቱ መለየት አይችልም።

ጥያቄ፦ በዜሮ ብሞላውስ?

መልስ፦ መልእክትህ ራሱ በዜሮ ቢያበቃስ?

ጥያቄ፦ ሰርቨሬ «መሙያው ትክክል አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ግልጽ ስለሆነ ጥሩ አይደለም?

መልስ፦ እኔ የምፈራው ይህንኑ ነው። የምስጠራ ተመራማሪው ሰርዥ ቮድኔ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳየው፣ በሲቢሲ (እያንዳንዱን ብሎክ ከቀደመው ጋር በሚያያይዘው አሠራር) የተመሰጠረን መልእክት ቁልፉን ሳያውቁ መፍታት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው መሙያው ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚናገር ሰርቨር ብቻ ነው። አጥቂው የቀደመውን ብሎክ አንድ ባይት ሲቀይር፣ ቀጥሎ ያለው ብሎክ ሲፈታ በዚያው ቦታ ይለወጣል። ሰርቨሩ ስለ መሙያው ዝም እስኪል ይሞክራል፤ ዝም ሲል የመልእክቱን ባይት ማስላት ይችላል፤ ለአንድ ባይት ቢበዛ 256 ጊዜ፣ ለአንድ ብሎክ 4096። ይህ ለማሽን ምንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤስኤስኤል 3.0ን (የድሮውን የድረ ገጽ ግንኙነት መመስጠሪያ) የጣለው ፑድል የተባለው ጥቃት የዚሁ ዘመድ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ይህንኑ የስህተት መልእክት እንዲያነሣ ለምኜ «ለደንበኛ ግልጽነት ነው» ተብያለሁ።

ጥያቄ፦ የስህተት መልእክቱን ብደብቀው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የምላሹ ጊዜ ከተለያየ እርሱም ይናገራል፤ ላኪ ሰርቲን የተባለው የ2013 (እ.ኤ.አ.) ጥቃት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ከመሰጠርህ በኋላ በተመሰጠረው ላይ፣ እንዳልተነካ የሚያሳይ ማረጋገጫ ኮድ ጨምርበት፤ ስትቀበልም ከመፍታትህ በፊት ኮዱን መርምር። ወይም ምስጠራንና ማረጋገጫን አንድ ላይ የሚሠራውን ጂሲኤምን ተጠቀም፤ መሙያ አይፈልግም። ግን በአንድ ቁልፍ ያንኑ የመነሻ ቁጥር (ከቁልፉ ጋር ለእያንዳንዱ መልእክት የሚሰጠውን) አትድገም። አትድገም!

ጥያቄ፦ ቁልፉ 128 ይሁን 256 ቢት?

መልስ፦ ከመሙያ ጋር ምን አገናኘው? ብሎኩ በሁለቱም 16 ባይት ነው።

ጥያቄ፦ አልሠራልኝም፣ እርዱኝ።

መልስ፦ ምኑ?

ጥያቄ፦ መልእክቱ ልክ 16 ባይት ከሆነ መሙያ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።