የካርቶን ታንክ፣ የዋንዛ ጀልባ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ (በትንንሽ ሞዴል ወታደርና ታንክ የሚጫወቱትን) የምትወዱ የጅማ ልጆች ጥያቄ ስትልኩልኝ ከርማችኋል። ወታደሩ ብዙ አላስቸገራችሁም። የሚያስቸግራችሁ ተሽከርካሪውና ጀልባው ነው። የጠያቂውን ሰፈር እያስቀደምኩ፣ በደረሰኝ ቅደም ተከተል ልመልስ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ጀማሪ ነኝ። አንዱ 1/72፣ አንዱ 1/56፣ ሌላው 1/35 ይለኛል። የቱን ልያዝ?

ቁጥሩ የሚነግርህ ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት እጥፍ እንዳነሰ ነው። በ1/72 የቆመ ሰው ቁመቱ ወደ 2.4 ሳንቲ ሜትር ነው። በ1/35 ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። 1/35 መደርደሪያ ላይ ሲያዩት ያምራል፣ ለጨዋታ ግን ጠረጴዛው ይጠብሃል። 1/56 ባለ 28 ሚሊ ሜትር ወታደር ለያዘ ሰው ነው።

እኔ 1/72 ያዝ እላለሁ። ተራ የምግብ ጠረጴዛ ይበቃዋል። የድሮዎቹ የኤርፊክስ (የእንግሊዙ ሞዴል አምራች) ታንኮች 1/76 ናቸው፤ ካገኘህ አትመልሳቸው፣ ከ1/72 ወታደር ጎን ሲቆሙ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። 1/56ን ግን አትቀላቅል። ወዲያው ዐይን ይወጋል።

ከአጂፕ፦ ጋሼ፣ ኪት (ተገጣጣሚ ሞዴል) ማስመጣት ኪስ ይጎዳል። በእጅ ልሥራ ብል ከየትኛው ታንክ ልጀምር?

ከጣሊያኑ ሲቪ 33 ጀምር። በ1928ቱ ወረራ አገራችን የገባው ትንሹ ታንክ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። ላዩ ላይ የሚዞር መድፍ የለውም፣ ፊቱ ላይ መትረየስ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ቅርጹ ሳጥን ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

እውነተኛው ርዝመቱ 3.15 ሜትር፣ ወርዱ 1.40፣ ከፍታው 1.30 ገደማ ነው። በ72 ስታካፍለው 4.4 በ1.9 በ1.8 ሳንቲ ሜትር ይመጣልሃል። ከክብሪት ቀፎ ያንሳል ማለት ነው።

ገላውን ከጠንካራ ወረቀት ቆርጠህ በኮላ አጣብቅ። ሰንሰለቱ ላይ ትንሽ ጥበብ አለ። የስልክ ወይም የአምፖል ዕቃ የሚመጣበትን ቀጭን ባለ ሞገድ ካርቶን ውሰድ፣ አንዱን ገጽ በውሃ አርጥበህ ቀስ ብለህ ላጠው። ውስጡ ያለው ሞገድ ይወጣል። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት አድርገህ በምላጭ ቁረጥና በጎማዎቹ ዙሪያ ጠቅልለው። ተራው ትልቅ ካርቶን ሞገዱ ስለሚሰፋ ለዚህ መጠን አይሆንም። መትረየሶቹ ከስፒል ይሠራሉ። የብሎኖቹን ራስ ደግሞ በስቴኪኒ ጫፍ ኮላ እየነካህ ጠብ ጠብ አድርገው። ሲደርቅ እንደ ብረት ምስማር ጉብ ብሎ ይቀራል፤ ቀለም ሲያርፍበት ሥራህን የሚያሳምረው እሱ ነው።

ከቀለም በፊት በውሃ የቀጠነ ኮላ ሁለት ጊዜ ቀባው፤ በመሃል በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እሸው። ይህን ከዘለልክ በእጅ በተነካ ቁጥር ይላላጣል። የጨዋታ ዕቃ ደግሞ ከእጅ አይወርድም።

እዚያው ከአጂፕ፦ ታዲያ ይህ ታንክ በጨዋታ ውስጥ አያሸንፍም እንዴ? እግረኛው ምን ያደርገዋል?

ታሪኩን ብታይ መልሱ እዚያ አለ። በታኅሣሥ 1928 ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ጦር እነዚህን ታንኮች ተጠግቶ፣ ከቦ፣ ከጥቅም ውጪ አድርጓቸዋል። መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው። ጎናቸውና ጀርባቸው ዕውር ነው።

ስለዚህ ሕጉን እንዲህ አድርጉት። በሉዶ ዳይስ ከፊት የሚመታው 6 ካላመጣ አይሳካለት። ከጎን 5 ወይም 6። ተጠግቶ ከኋላ የደረሰ እግረኛ ግን 4 እና ከዚያ በላይ ይብቃው። ያኔ ታንክ የያዘው ልጅ ብቻውን መሮጡን ይተዋል፣ በእግረኛ ማጀብ ይጀምራል። ጨዋታው የሚጣፍጠው ያኔ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ የራሳችንን አካባቢ ጦርነት መጫወት እንፈልጋለን። ጀልባ የሚያስፈልገው አለ?

አለ፣ ያውም እዚሁ ደጃችን። በ1933 አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች በኋላም በጄኔራል ጋዜራ የሚመራው የጣሊያን ጦር በዚህ በኩል ቆይቶ ነበር። በእንግሊዝ አዛዦች ሥር የነበሩ የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ዝናቡ በገባበት ሰሞን የኦሞን ወንዝ ተሻገሩ፤ ጅማ የተያዘችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የገረሱ ዱኪ አርበኞችም በዚህ አካባቢ ይዋጉ ነበር። ወንዝ መሻገር ለጠረጴዛ ጨዋታ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ ጀልባው ላይ ተጋልጧል፣ ሌላው ማዶ አድፍጧል።

ጀልባውን ስትሠሩ ከውሃ በታች ያለውን ሆድ ተዉት። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ከውሃው በላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ሁለተኛው ነገር ወለሉ ነው። መጀመሪያ ወታደሮቻችሁ የቆሙበትን መቆሚያ ለኩ። መቆሚያው 1.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ስምንት ሰው በሁለት ረድፍ ለመጫን ውስጡ 3 በ6 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሰው የማይጫንበት ጀልባ ምንም ቢያምር ጨዋታ ላይ አያገለግልም።

እንጨቱን በተመለከተ ጅማ መኖራችሁ ዕድል ነው። ወንበርና አልጋ የሚሠሩት ዘንድ ሄዳችሁ የዋንዛ ቁርጥራጭ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጧችኋል። ዋንዛ በቢላ ለመቅረጽ እሺ ይላል። ለወንዙ ሰሌዳ ቡናማ ቀለም ቀብታችሁ ቫርኒሽ ደርቡበት። ሰማያዊ አታድርጉት፤ በክረምት የሞላ ወንዝ ሰማያዊ አይደለም።

የጣና ታንኳ መሥራት ለምትፈልጉ ደግሞ ስንደዶ በክር እያሰራችሁ ሞክሩት። እውነተኛው ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ቁርጥ ይመስላል።

ከመርካቶ፣ አንዲት እናት፦ ከአባቴ የቀሩ የብረት ወታደሮችና መኪኖች አሉ። ልጄ ይጫወትባቸው?

እህቴ፣ አይስጡት። የድሮ ወታደሮች ብዙዎቹ እርሳስ ናቸው፤ ስመ ጥሩው የእንግሊዝ አሻንጉሊት ወታደር አምራች ብሪቴንስ እንኳ በእርሳስ መሥራት ያቆመው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ከበድ ካለና ወረቀት ላይ ሲያሹት ግራጫ መስመር ከተወ ይጠርጥሩ። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። እርስዎም ከነኩት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አያሹት። ነጭ ዱቄት ከጀመረው የተዘጋ የእንጨት ቁምሳጥን ውስጥ አያቆዩት፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ያባብሰዋል። ለማስታወሻ በፕላስቲክ ሳጥን ያስቀምጡት። የአባት ዕቃ ነውና አይጣልም።

ከመርካቶ፣ ሌላ ጠያቂ፦ ለስላሳው ፕላስቲክ ወታደር ቀለሙ ይላላጥብኛል።

በሞቀ ውሃና ሳሙና እጠበው፣ በቀጭን ኮላ ሸፍነው፣ ከዚያ ቀባ። የታንክ ኪት ማጣበቂያ እዚህ ላይ አይሠራም፤ የሚያጣብቀው ጠንካራውን ፕላስቲክ እያቀለጠ ነው፣ ለስላሳውን አያቀልጠውም።

ከቆጪ፦ ክረምት ሲገባ የካርቶን ታንኬና ሰሌዳዬ ይጣመማሉ። ሻጋታም አየሁ።

የጅማ እርጥበት ነዋ! ሰሌዳውን ከላይ ብቻ ስለቀባኸው ነው የተጣመመው። ታቹንም እኩል ቀባው፣ ክብደት ጭነህበት ይደር። ሻጋታው ግን ሰሌዳው ላይ አፈር እንዲመስል ከለጠፍከው ነገር ሊሆን ይችላል። ለአፈር የቡና አተላ ከተጠቀምክ መጀመሪያ ምጣድ ላይ በደንብ አድርቀው፤ በእጅህ ስታሸው ካልተበተነ አልደረቀም። ከተለጠፈ በኋላም በቀጭን ኮላ ሸፍነው። ለማስቀመጫ ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ፈልግ፣ ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶችም ሰብስበህ ጨምርበት። ሻጋታ የያዘውን ታንክ ከሌሎቹ ለይተህ ፀሐይ ላይ አውጣው፤ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠርገህ እንደገና ኮላ ቀባው።