ስለ ሩሲያዊቷ የባሌት ዳንሰኛ አና ፓቭሎቫ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወደ ባሌት እንዴት ገባች?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1881 በሴንት ፒተርስበርግ ያለጊዜዋ ተወለደች፤ እናቷ ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ነበረች። በልጅነቷ ማሪንስኪ ቲያትር ውስጥ ባሌት ካየች ወዲህ ልቧ ከዚያ አልተመለሰም። የዛሩ የባሌት ትምህርት ቤት በመጀመሪያ አልተቀበላትም፤ የገባችው በ1891 ነው።

ጥያቄ፦ ሰውነቷ ለባሌት አይመችም ይባል ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ በዘመኑ መለኪያ፣ አዎን። በጊዜው የሚደነቁት ጡንቻቸው የዳበረ፣ በአንድ እግር ቆመው ደጋግመው የሚሽከረከሩ ዳንሰኞች ሲሆኑ፣ እርሷ ግን ቀጭን፣ እጅና እግሯ ረጃጅም፣ ቁርጭምጭሚቷም ስስ ነበረች። የውስጥ እግሯ እጅግ የጎበጠ በመሆኑ በጣቶቿ ጫፍ ስትቆም ክብደቷ ሁሉ በአውራ ጣቷ ላይ ያርፍ ነበር። መምህሯ ፓቬል ጌርት የአክሮባት ሥራውን ለሌሎች እንድትተው መከራት። እርሷም ጫማዋን በጠንካራ ቆዳ አጠናከረች፤ አንዳንዶች ይህን እንደ ማጭበርበር ቆጠሩት። የዛሬ ዳንሰኞች ጫማ ከዚያ ይልቅ የጠነከረ መሆኑን ሳስብ፣ ወቀሳው ፈገግ ያሰኘኛል።

ጥያቄ፦ «የምትሞተው ስዋን» (ስዋን አንገተ ረጅም የውሃ ወፍ ናት) የተባለው ዳንሷ ምኑ ነው እንዲህ ያስደነቀው?

መልስ፦ የባሌት ደራሲው ሚካኤል ፎኪን በፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ በካሚል ሴን-ሳንስ የቼሎ ሙዚቃ ያዘጋጀላት፣ ከጥቂት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው። ትልቅ ዝላይም ሆነ አስደናቂ ሽክርክሪት የለበትም። እግሮቿ በጣት ጫፍ ላይ ሳያቋርጡ በጥቃቅን እርምጃ ሲንቀጠቀጡ ክንዶቿና ጀርባዋ ታሪኩን ይናገራሉ፤ በመጨረሻም በአንድ እግሯ ላይ ተጣጥፋ ትወድቃለች። ድካም የሚመስለው ሁሉ በልምምድ የተገኘ ነው።

ጥያቄ፦ በ1909 በፓሪስ ከሩሲያዊው የባሌት አዘጋጅ ከዲያጊሌቭ ቡድን ጋር ደንሳ ለምን አልቆየችም?

መልስ፦ ዲያጊሌቭ አዲስ ሙዚቃና ሥዕል ይሻ ነበር፤ እርሷ ዜማ ያለውን፣ የለመደችውን ትወድ ነበር። የራሷን ቡድን አቋቁማ በለንደን ቤት ገዛች፤ ከዚያም ባሌት ታይቶ ወደማይታወቅባቸው ከተሞች ሁሉ ተጓዘች። የዝግጅቶቿ ምርጫ አሮጌ ነው የሚሉት አልተሳሳቱም። ሆኖም በ1917 በፔሩ ሊማ ያያት ልጅ ፍሬድሪክ አሽተን፣ በኋላ ከብሪታንያ ታላላቅ የባሌት ደራሲዎች አንዱ ሆነ።

ጥያቄ፦ አሟሟቷስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1931 በኔዘርላንድስ ሄግ ከተማ፣ በሳንባ ሽፋን ብግነት፣ 50 ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ሲቀረው። በዚያው ሰሞን ለንደን ውስጥ በአንድ የባሌት ምሽት ኦርኬስትራው የስዋኗን ዜማ ሲጫወት መድረኩ ባዶ ነበር፤ ተመልካቹም እስኪያበቃ ቆሞ አዳመጠ።