ወርቅ ግራፊን ላይ ለምን አይዘረጋም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ ፒያሳ የሚሠራ አንጥረኛ ነው። ብር ላይ ወርቅ ሲቀባ ብሩን አጥቦ አይጠግብም፤ «ያልጠዳ ነገር ወርቅ አይዝም» ይላል። ግራፊን ደግሞ እጅግ የለሰለሰ ነው ሲባል ሰማሁ። ወርቅ ቢያርፍበት እንደ ቅብ ይዘረጋል? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ አይዘረጋም፣ ልጄ። አባትህ ስለ ብሩ የሚሉት ልክ ነው። ግራፊን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወርቅ አልይዝ የሚለው እንከን የሌለው ቦታ ነው።

ግራፊን እርሳስህ ውስጥ ካለው ግራፋይት የሚላጥ ስስ ንጣፍ ነው፤ ውፍረቱ የአንድ አቶም ብቻ። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2004 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ በፕላስተር እየላጡ ለይተውት፣ በ2010 ኖቤል ተሸለሙ። እያንዳንዱ ካርቦን ሦስት ጎረቤቶቹን በ0.142 ናኖሜትር ርቀት ጨብጧል፤ አራተኛውን ኤሌክትሮኑንም ለማኅበሩ ሰጥቷል። ለእንግዳ የሚዘረጋው እጅ አልተረፈውም።

አያቴ ቅቤ ተቀብታ ከቅዳሜ ገበያ ስትመለስ ካፊያው ፀጉሯ ላይ ድቡልቡል እየሆነ ይቀር ነበር። ውሃው ከቅቤው ይልቅ እርስ በርሱ ይዋደዳላ! ወርቅም እንዲሁ ነው። አንድ የወርቅ አቶም ከወርቅ መሐል ለማውጣት 3.8 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ጉልበት የሚለካበት አሃድ ነው) ያህል ያስፈልጋል፤ ከንጹሕ ግራፊን ላይ ለማንሳት ግን አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አቶሙ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ሲንሸራተት ከወንድሙ ይገናኛል፣ ሦስተኛው ይመጣል፣ ክምሩም ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ያድጋል።

ቲታኒየም ጠባዩ ሌላ ነው። ስድስቱ ካርቦኖች የከበቡት መሐል ገብቶ ጠበቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ብዙም ስለማይዞር ቅቡ ይበልጥ የተያያዘ ይሆናል። ግራፊን ላይ የወርቅ ሽቦ የሚያገናኙ ሠራተኞች መጀመሪያ ስስ ቲታኒየም ወይም ክሮሚየም የሚያነጥፉት ለዚህ ነው።

ወርቅም ቢሆን የሚይዘው አያጣም። አንድ ካርቦን የጎደለበት ቀዳዳ ወይም የተቆረጠ ጠርዝ ሲያገኝ እዚያው ይቀራል፤ እዚያ ያሉት ካርቦኖች ጨባጭ ያጡ እጆች አሏቸውና።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ኢሪዲየም የተባለው ብረት ነገር ነው። ግራፊን በኢሪዲየም ላይ ሲያድግ የሁለቱ የአቶም አደራደር ስለማይገጥም በየ2.5 ናኖሜትሩ የሚደጋገም ሞገድ ይወጣል። ከላይ ኢሪዲየም ሲጨመርበት አቶሞቹ በየሞገዱ በአንድ በተመሳሳይ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ማንም ሳያሰልፋቸው እንደ ጥልፍ ነጠብጣብ ተደርድረው ይታያሉ።